አንድ ስድብ ስንት ያስወጣል?

እ.ኤ.አ. በ2010 «ሌጎ ዩኒቨርስ» የሚባል የኦንላይን ጌም ወጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሐሳቡ ደስ ይላል። ልጆች አንድ ዓለም ውስጥ ይገናኛሉ፣ በሌጎ ጡብ ያሻቸውን ይገነባሉ፣ የገነቡትን ለሌላው ያሳያሉ። ለወላጆች ደግሞ ቃል ተገባ፤ ልጃችሁ እዚህ ነውር ነገር አያይም።

ችግሩ የት እንዳለ ሳትገምቱ አትቀሩም። ለሺዎች ጡብ ሰጥቶ «ያሻችሁን ሥሩ» ያለ ሰው፣ ከመካከላቸው አንዱ የወንድ ብልት እንደሚሠራ መጠበቅ አለበት። አንዱ ብቻ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። ከጌሙ ሠሪዎች አንዷ ከዓመታት በኋላ ትዊተር ላይ እንዳወጋችው፣ ያንን ቅርጽ አይቶ የሚለይ ሶፍትዌር እንዲጽፉ ታዘው ነበር። አልተቻለም። ተጫዋቾቹ ከአንድ ማዕዘን ብቻ ሲታይ ያንን የሚመስል ነገር ይሠራሉ። ማጣሪያው የማያይበት ቦታ ይደብቁታል። ቆራርጠው ለየብቻ ያስቀምጡታል። መጨረሻ ላይ የቀረው መንገድ ሰው መቅጠር ሆነ። እያንዳንዱ ግንባታ ፎቶ ይነሳል፣ አንድ ተቀጣሪ ያየዋል፣ «ይለፍ» ሲል ብቻ ለማያውቁት ሰዎች ይታያል። ትምህርት ጨርሰው፣ ተወዳድረው የተቀጠሩ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ያንን ነገር ሲፈልጉ ዋሉ ማለት ነው።

ጌሙ በጃንዋሪ 2012 ተዘጋ። ኩባንያው የሰጠው ምክንያት «የሚያዋጣ የገቢ መንገድ አላገኘንም» የሚል ነው። የቁጥጥሩ ወጪ ብቻውን ገደለው አልልም። ግን እዚያ የሠራችው ሴትዮ ራሷ ወጪው ትልቅ ራስ ምታት እንደነበር ተናግራለች።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት አንድ ነገር አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው። የጌም ወጪ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ግራፊክሱን፣ ፕሮግራመሩን፣ ሰርቨሩን ነው። ሥዕሉ አንዴ ተስሎ ያልቃል። ተጫዋች ለተጫዋች የሚናገርበት መንገድ ግን እንደ መብራት ነው። እስከበራ ድረስ ቆጣሪው ይዞራል።

እስቲ በምናባችን ሂሳቡን እንሥራው። በቀን 100,000 ሰው የሚጫወተው ጌም አለን እንበል። ትልቅ አይደለም፣ ትንሽም አይደለም። ከመቶ ተጫዋች አንዱ በቀን አንድ ጊዜ «ሪፖርት» የምትለዋን ቁልፍ ቢጫን 1,000 ክስ ይመጣል። አንዱን ክስ ከፍቶ፣ ቻቱን አንብቦ፣ የተከሳሹን ታሪክ አይቶ ለመወሰን 3 ደቂቃ ይበቃል ብለን እንቸኩል። 3,000 ደቂቃ ሆነ፤ 50 ሰዓት ማለት ነው። አንድ ሰው በሥራ ቀኑ እውነተኛ 6 ሰዓት ቢሠራ ለዛሬ ብቻ ስምንት ዘጠኝ ሰው ያስፈልጋል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ተሳዳቢው አያርፍም፤ እንዲያውም የሚበዛው ያኔ ነው። ስለዚህ ፈረቃ ይኖራል፤ ወደ 12 ሰው ደረስን። የሌሊት ፈረቃ፣ ተቆጣጣሪ፣ ይግባኝ የሚያይ ሰው ጨምሩበት። ከዚያ ደግሞ ቋንቋ አለ። እንግሊዝኛ የሚያነበው ሞደሬተር (ክሱን የሚያየው ሠራተኛ) የፖርቱጋልኛውን ስድብ አያውቅም። ቱርክኛ፣ ሩሲያኛ፣ አረብኛ፣ ኮሪያኛ... ለእያንዳንዱ ቢያንስ ሁለት ሰው፤ አንዱ ሲታመም ሌላው እንዲሸፍን።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ለጽሑፍ ነው። ድምፅ ሲመጣ ሂሳቡ ሌላ ነው። የአንድ ጨዋታ ቻት በአንድ ደቂቃ ይነበባል። የ30 ደቂቃ ማይክ ግን ለማዳመጥ ያው 30 ደቂቃ ይፈጃል።

ይህን የሰማ ሰው ቶሎ የሚሰጠው መልስ ይታወቃል። «ተሳዳቢዎቹን ባን አድርጎ መገላገል ነዋ!» እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ሥርዓት የለሽ ሰዎች አሉ፣ እነሱ ከተባረሩ ቀሪው ጨዋ ነው ብዬ።

ሪዮት ጌምስ የሚባለው ኩባንያ «ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ» በተባለው ጌሙ ይህንን አጠና። የሥነ ልቦናና የአእምሮ ሳይንስ ባለሙያዎችን ቀጥሮ የተጫዋቾችን ጸባይ ብቻ የሚመረምር ቡድን አቋቋመ። ያገኙት ነገር ያስገርማል። ሁሌም ክፉ የሆኑት ተጫዋቾች ከመቶ አንድ ገደማ ናቸው። ከጌሙ ክፉ ንግግር ውስጥ የእነሱ ድርሻ 5 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ትልቁ ድርሻ የመጣው ከተራው ሰው ነው። በአብዛኛው ቀን ሰላማዊ ከሆነ፣ ዛሬ ግን ቀኑ ከጨለመበት ሰው።

ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩና። ስሙን በማልጠራው አንድ ጌም ለሦስት ቀን ታግጄ አውቃለሁ። ከሥራ ተናድጄ መጥቻለሁ፣ አራት ጊዜ ተከታትዬ ተሸንፌያለሁ፣ አምስተኛው ላይ ያልታደለ አንድ የቡድኔ አባል ተሳሳተ። የጻፍኩትን እዚህ አልደግመውም። በሚቀጥለው ቀን ስከፍተው የገዛ ራሴን ቃላት ከነሰዓታቸው ደርድረው አሳዩኝ። «ስለዚህ ጽሑፍ ታግደዋል።» ከእገዳው ይልቅ ያሳፈረኝ ያ ነው። «ደንብ ጥሰዋል» ብቻ ቢሉኝ ኖሮ ዛሬም ተበድያለሁ ብዬ አወራ ነበር። ሪዮትም የደረሰበት ይኸው ነው። ምክንያቱ በግልጽ የተነገረው፣ በተለይ የራሱ ቻት የቀረበለት ሰው ይበልጥ ይታረማል።

ወደ ገንዘቡ ስንመለስ፣ የዚህ ግኝት ትርጉም ከባድ ነው። ክፉዎቹን ሁሉ ብታባርሩ ስድቡ በአመዛኙ እዚያው ይቀራል፤ ያልተቀረፈው ሁኔታው ነውና። ስለዚህ ርካሹ ሥራ ከስድቡ በፊት የሚሠራው ነው።

ሪዮት ያደረገው አንድ ሙከራ እስከዛሬ ይጠቀሳል። ከተቃራኒ ቡድን ጋር የሚያወራውን ቻት ዘጋው። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ የፈለገ ሰው ሴቲንግ ገብቶ ሊከፍተው ይችላል። ነባሪው፣ ማለትም ማንም ሳይነካው የሚመጣው ምርጫ፣ ብቻ ተቀየረ። ከሳምንት በኋላ ሲለካ ክፉ ቻት በ30 በመቶ ገደማ ወርዷል፣ መልካም ቻት ደግሞ በሌላ 30 ምናምን በመቶ ጨምሯል። ያወራው ሰው ብዛት ግን ብዙም አልተቀነሰም። ማውራት የፈለገው ሄዶ ከፈተው፤ ለብሽሽቅ ብቻ የሚጽፈው ሰነፈ። አንድ ምልክት ከ«አብራ» ወደ «አጥፋ» ለማዞር ስንት ደመወዝ ይጠይቃል? ምንም።

ከዚህ የባሰ ጨካኝ መፍትሔም አለ። «ኸርዝስቶን» የሚባለው የካርታ ጌም ከማታውቁት ተጋጣሚ ጋር ቻት የሚባል ነገር የለውም። ስድስት የተዘጋጁ ቃላት ብቻ ናቸው፤ ሰላምታ፣ ምስጋና፣ አድናቆት፣ ማስፈራሪያ፣ የመሳሰለው። ከስድስቱ አንዱ መጀመሪያ ላይ «ይቅርታ» ነበር። ምን የሚያስነውር አለው? ተጫዋቾቹ ግን ተጋጣሚያቸውን ከዘረሩ በኋላ «ይቅርታ»፣ «ይቅርታ»፣ «ይቅርታ» እያሉ ያቃጥሉት ጀመር። ኩባንያው በመጨረሻ ቃሉን አንስቶ በ«ዋው» ተካው። አሁን በ«ዋው» ያቃጥላሉ። በመኪና ኳስ የሚጫወቱበት «ሮኬት ሊግ» ውስጥም «እንዴት ያለ ማዳን!» የምትል የተዘጋጀች ቃል አለች። ብዙ ጊዜ የምትመጣው ጎል ሲገባባችሁ ነው። ሰው መሳደብ ከፈለገ በምስጋናም ይሳደባል። ቢሆንም ሂሳቡን አስታውሱ፤ «ይቅርታ» የሚል ስድብ ሞደሬተር አይጠራም፣ ይግባኝ የለውም፣ ትርጉም አይፈልግም።

«ጀርኒ» የተባለው የ2012 ጌም ደግሞ ቃልም ስምም አጠፋ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በበረሃ አብረው ይሄዳሉ፣ የሚያሰሙት አጭር ዜማ ብቻ ነው። የሠሪዎቹ አለቃ እንደሚያወራው፣ በሙከራው ወቅት ተጫዋቾች በአካል ይነካኩ ነበር፤ ይተጋገዛሉ ተብሎ። ተገፋፉ። አንዱ ሌላውን ገደል ይከታል። መነካካቱ ወጣ፣ ግፊያውም አብሮ ቀረ።

ክፉ መሥሪያውን ከሥሩ የማንሳት መንገድ ዋጋ አያስከፍልም ብላችሁ ግን እንዳትታለሉ። በ1997 የወጣው «አልቲማ ኦንላይን» ከፍቅር ይልቅ በነፍሰ ገዳዮቹ ይታወቅ ነበር። ጀማሪው ከከተማ በር እንደወጣ ተገድሎ ይዘረፋል፣ ብዙው ተመልሶ አይመጣም። ለወንጀለኛ መጥፎ ስም መስጠትን ጨምሮ ያልተሞከረ የለም። በ2000 ኩባንያው ዓለሙን ለሁለት ከፈለው። አንዱ እንደድሮው፣ ሌላው ያለፈቃድ ማጥቃት የማይቻልበት። አብዛኛው ሰው ወደ ሰላሙ ዓለም ተሰደደ። የድሮዎቹ ግን ጌሙ ያኔ ሞተ ብለው ዛሬም ይከራከራሉ። ግማሽ እውነት አላቸው ባይ ነኝ። አደጋ የሌለበት ጫካ መናፈሻ ነው። ግን በዚያ ጌም ውስጥ ገበሬ ሆኖ ለመኖር የከፈለው ሰው ገንዘብም ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ቅጣቱ። ባን ማድረግ የሚያስፈራው አካውንቱ ዋጋ ሲኖረው ነው። ጌሙ 60 ዶላር ከሆነ መታገድ 60 ዶላር ነው። ጌሙ ነጻ ከሆነስ? አዲስ ኢሜይል፣ አዲስ አካውንት፣ በአሥር ደቂቃ ተመልሶ መጣ። ነጻ ጌሞች የገቢ ጥያቄን ሲፈቱ ሳያስቡት ቅጣትንም ነጻ አደረጉት።

ስለዚህ ኩባንያዎች ለአካውንት ሰው ሠራሽ ዋጋ ይፈልጋሉ። ስልክ ቁጥር አንዱ ነው። «ኦቨርዋች 2» በ2022 በነጻ ሲወጣ ተጫዋች ሁሉ ስልኩን እንዲያስመዘግብ ተጠየቀ። ቅድመ ክፍያ ሲም ካርድ ደግሞ ተቀባይነት አልነበረውም። የመጀመሪያውን ጌም በገንዘባቸው የገዙ ሰዎች «ሲሜ ርካሽ ስለሆነ ነው የምታባርሩኝ?» ብለው ጮሁ። ኩባንያው በቀናት ውስጥ ለአብዛኞቹ ነባር ተጫዋቾች ደንቡን አላላ። ወንጀለኛን ለመያዝ የተዘረጋ መረብ መጀመሪያ የያዘው ድሃውን ነው። ሌላው ዘዴ ከማባረር ይልቅ ማግለል ነው። በ2014 «ታይታንፎል» አጭበርባሪዎችን እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲገጥሙ አደረገ። ይህንን ከልቤ ወድጄዋለሁ። ሰውየው አልተባረረም፣ አዲስ አካውንት ለማውጣት አይቸኩልም፣ የሚጎዳው ደግሞ ብጤውን ነው።

የማይክሮሶፍት የጌም መድረክ ኤክስቦክስ በ2023 ያመጣው ለየት ይላል። ጥፋት ነጥብ አለው። ብልግና ቃል አንድ፣ ማስፈራራትና ማዋከብ ሁለት፣ የጥላቻ ንግግር ሦስት። አንድ ነጥብ ለአንድ ቀን ያሳግዳል፤ ስምንት የሞላበት ለአንድ ዓመት ይወጣል። እያንዳንዱ ነጥብ በስድስት ወር ይሰረዛል። ሰው የት እንደቆመ ያውቃል። የሚያውቅ ሰው ደግሞ ለኩባንያው «ለምን?» የሚል ደብዳቤ አይጽፍም፤ ያ ደብዳቤ ራሱ የሚያነበው ተቀጣሪ ይፈልጋል።

ወጪውን ለተጫዋቾቹ ለራሳቸው ማሸከምስ? ተሞክሯል። አልቲማ ኦንላይን ጀማሪዎችን የሚረዱ በጎ ፈቃደኞች ነበሩት። ፈረቃ ነበራቸው፣ ሪፖርት ያቀርቡ ነበር። በ2000 ከእነሱ መካከል አንዳንዶቹ «ይህማ ሥራ ነው፣ ደመወዛችን የታለ?» ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ነገሩ በስምምነት አለቀ። ኤኦኤል በሚባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ የቻት ክፍሎችን በነጻ ይጠብቁ የነበሩት ደግሞ በ1999 የከፈቱት ክስ በ2010 በ15 ሚሊዮን ዶላር ተቋጨ። ነጻ ጉልበት ሂሳቡን ያቆያል እንጂ አይሰርዝም።

ሪዮት በ2011 ተጫዋቾች ዳኛ የሚሆኑበት ሸንጎ አቁሞ ነበር። የተከሳሹ ቻት ይቀርባል፣ ድምፅ ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ ለዳኞቹ ትንሽ የጌም ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ ሳያነቡ «ይቀጣ» የሚሉ በዙና ክፍያው ቀረ። ሸንጎው በ2014 ተዘጋ። ትልቁ ችግሩ ፍጥነት ነበር፤ ቅጣቱ ሲደርስ ሰውየው ምን እንዳጠፋ ረስቷል።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ወደ ማሽኑ ዞረ። በአንዳንድ ነገር ማሽኑ በርግጥ ይበልጠናል። «ካውንተር ስትራይክ» የሚሠራው ቫልቭ ተጫዋቾች በአጭበርባሪነት የከሰሷቸውንና ማሽኑ የጠረጠራቸውን ጉዳዮች ለዳኛ ተጫዋቾች ያቀርብ ነበር። የኩባንያው መሐንዲስ በ2018 እንደተናገረው፣ ከሰዎቹ ክስ ጥፋተኛ የሚባለው ከ15 እስከ 30 በመቶ ነው። ከማሽኑ ክስ ግን ከ80 እስከ 95 በመቶ። የሰው «ሪፖርት» ብዙ ጊዜ «አሸነፈኝ» ለማለት ነው። ስለዚህ ብልህ የሆነ ሥርዓት ከሳሹንም ይመዝናል፤ ስንት ጊዜ ከሰሰ፣ ስንቱ ልክ ሆነ።

ማጭበርበር ግን ቁጥር ነው፤ ጥይቱ የት ሄደ፣ የተጫዋቹ ማውስ ስንት ዲግሪ ዞረ። ስድብ እንደዚያ አይደለም። የቃል ማጣሪያ የሚሠራውን ስህተት ለማየት በ1996 የሆነውን መስማት ይበቃል። ስከንቶርፕ የምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነዋሪዎች ኤኦኤል ላይ መመዝገብ አቃታቸው፤ በከተማዋ ስም መሐል የተሰገሰጉ አራት ፊደላት ለብቻቸው ሲነበቡ ስድብ ናቸውና። በሌላ በኩል አንድ ፊደል በቁጥር የቀየረ ተሳዳቢ ያልፋል። የራሱን ቋንቋ ስድብ በላቲን ፊደል የጻፈም ያልፋል። አዲሶቹ ሞዴሎች አውዱን ስለሚያዩ የተሻሉ ናቸው። «ገደልኩህ» ማለት በተኩስ ጌም የሥራ ሪፖርት መሆኑን ይረዳሉ። ብዙ ጽሑፍ በሌላቸው ቋንቋዎች ግን ያው መደነቃቀፋቸው አልቀረም።

«ኮል ኦፍ ዲውቲ» ከ2023 ጀምሮ ማይክ የሚያዳምጥ ሶፍትዌር አስገብቷል። በእንግሊዝኛ ጀመረ። ሶፍትዌሩ ራሱ አይቀጣም፤ የጠረጠረውን ያቀርባል፣ ውሳኔው የኩባንያው ነው። ማሽን የሚቀንሰው ሰው ማዳመጥ ያለበትን የድምፅ ብዛት ነው። የቀረው ደግሞ የከፋው ነው፤ ልጅ የሚያባብል አዋቂ፣ ራሴን አጠፋለሁ የሚል ሰው፣ የማስፈራሪያ ዛቻ። ቀላሉን ማሽኑ ወስዶ ከባዱን ብቻ ቀኑን ሙሉ የሚሰማ ሞደሬተር ምን እንደሚሆን አስቡት። የእረፍት ሰዓቱና ምክር የሚሰጠው ባለሙያ በጀቱ ውስጥ ካልገቡ፣ በስድስት ወር ለቆ ሌላ ሰው ማሠልጠን ይመጣል።

ሂሳቡን ያላወራረደ ኩባንያ ደግሞ ከመንግሥት ይመጣለታል። በዲሴምበር 2022 «ፎርትናይት»ን የሚሠራው ኤፒክ ጌምስ ከአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ጋር በ520 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ከዚህ ውስጥ 275 ሚሊዮኑ የልጆችን የግል መረጃ ሕግ በመጣስ ነው። ኮሚሽኑ ካነሳቸው ነገሮች አንዱ የድምፅና የጽሑፍ ቻት ለልጆችም ከመጀመሪያው በርቶ መምጣቱና ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ማገናኘቱ ነበር። ከትእዛዞቹ አንዱ ደግሞ ምን ሆነ? ለልጆች ቻቱ ከመጀመሪያው ጠፍቶ ይምጣ። ያችው ምልክት።

ትንሽ ጌም የሚሠሩ ሦስት አራት ጓደኞች ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጭር ነው። ለሁሉም የተከፈተ ቻት አታስገቡ። በጓደኝነት ለተያያዙ ብቻ ይሁን። ተሳዳቢውን ዝም የምታሰኘው (ሚውት የምትባለው) ቁልፍ ከስሙ አጠገብ ትሁን እንጂ ሦስት ገጽ ውስጥ አትደበቅ። ሪፖርት ሲመጣ ያለፉት ሁለት ደቂቃዎች በራሳቸው ተያይዘው ይምጡ፤ ከሳሹ ፎቶ እያነሳ አይለፋ፣ እናንተም አትፈልጉ።

አንዱ በቅርቡ «እኛማ ቻት የሚባል ጭራሽ የለንም» አለኝ፣ ኮራ ብሎ። ተጫዋች ስሙን ራሱ ይጽፋል ወይ? አልኩት። ይጽፋል። እንግዲያው ቻት አላችሁ። ግድግዳ ላይ ስትተኩሱ የጥይቱ ቀዳዳ ይቀራል? ይቀራል፣ ያምራል እኮ፣ ለአሥር ሰከንድ ይቆያል አለ። አንድ ጎበዝ ተኳሽ በአሥር ሰከንድ ስንት ፊደል እንደሚጽፍ አብረን ሞከርን። አራት ጻፈ። የትኞቹን አራት እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም።